ብልጭ ድርግም የምትለዋ ኮከብ

ይህን የምጽፈው ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ።

"ፈጠራ ነው" የሚል ካለ መብቱ ነው... ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ውሻ አልጮኸም፤ መብራት አልጠፋም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። እኔ ብቻ ክፍሌ ውስጥ ቀርቻለሁ። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ሥራችን ጨለማ ይወዳል።

ሥራዬ አሮጌ ፊልም ማጽዳት ነው።

በጨርቅ እንዳይመስላችሁ። የፊልሙ ጥቅል በማሽን ይነበብና ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያንዳንዱን ምስል እያየሁ አቧራውን፣ ጭረቱን፣ ሻጋታውን አጠፋለሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ይጠቁመኛል። አንዱ ምስል ላይ ኖሮ ቀጣዩ ላይ የሌለ ነጥብ ካገኘ በቀይ ይከበውና "ቆሻሻ ነው፤ ይጥፋ?" ይለኛል። የእኔ ድርሻ እሺ ማለት ነው።

ሰዎች "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ "የሙታን ፊት አጥባለሁ" እላቸው ነበር። ለቀልድ ነበር የምለው።

ያን ሰሞን እጄ ላይ የነበረው ፊልም ስም አለው፤ አልጠራውም። ለምን እንደማልጠራው ኋላ ይገባችኋል። የምታውቁት ግን ታውቁታላችሁ። ያ ጥቁርና ነጩ... መንገድ ስታ ወደ ቤቷ መመለስ ያቃታት የጠፈር መርከብ ያለችበት።

የኮምፒውተር ተአምር ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። መርከቧ የድስት ክዳን ናት። እውነቴን ነው! ሁለት የድስት ክዳኖች ፊት ለፊት ተገጥመው፣ ዙሪያቸውን የተሰበረ ሬዲዮ ዕቃ ተለጥፎባቸው። የሞተሩ ድምፅ ሰው ባዶ በርሜል ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ሲተነፍስ ነው። ተዋናዮቹ የሚንሳፈፉ የሚመስሉት የቆሙበትን ሳንቃ ሁለት ሰዎች ከታች ቀስ እያሉ ስለሚያወዛውዙት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ስታዩት ግን ክዳን አይታያችሁም። መርከብ ነው የሚታያችሁ። ውስጧ ሰው አለ፤ ሰውየው ቤቱ ናፍቆታል።

መሃሉ ላይ አንድ ትዕይንት አለ። ሽማግሌው የመርከብ አዛዥ መስኮት ሥር ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ያያል። ሙዚቃ የለም። ንግግር የለም። ጥቁር ሰማይና ከዋክብት ብቻ... ብዙ ያቆያል። ከተማ ሲፈነዳ እያየ ፈንዲሻውን የሚቆረጥም የዛሬ ልጅ እንኳ እዚያ ጋ ሲደርስ ማላመጡን ያቆማል።

ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ፊልሙን በደጉ ጊዜ ሲኒማ ቤት ያዩት ሰዎች "ሰማዩ ያይሃል" ይላሉ። ለወግ የሚሉት ይመስለኝ ነበር።

እና በዚያ የምሳ ሰዓት እዚያ ትዕይንት ላይ ደረስኩ። ርቦኛል። በሌለበት "ቶሎ በሉ" የምንለው አለቃዬ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ "ይሄ ነገር ዛሬ ይለቅ" ብሎኛል።

ፕሮግራሙ አንዲት ኮከብ ከበበልኝ።

ግራ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ኮከብ። ትበራለች... ትጠፋለች... ትበራለች። ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም።

አጉልቼ አየኋት። ክብ አልነበረችም፤ በሁለቱም ጫፍ ሾጠጥ ያለች ናት። መሃሏ ጥቁር። እርጥበት ያላት መሰለኝ።

ቆም አልኩ። አልዋሻችሁም፣ ቆም ብያለሁ። ውስጤ የሆነ ነገር "ተዪው" ብሎኛል።

ግን ርቦኝ ነበር...

ለትዕይንቱ በሙሉ "እሺ"ን በአንድ ጊዜ ተጫንኩ። ኮከቧ ጠፋች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ ክዳን ቢሮ መጡ።

ጋሽ ክዳን የምንላቸው መርከቧን የሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ስሙን ራሳቸውም ይወዱታል። የፊልሙ ጥቅል የእሳቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን አልጋቸው ሥር አስቀምጠውት ኖረው ነው ያመጡልን። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ሰማዩን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ ልጄ?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ።"

"ኧረ እኔ የክዳን ሰው ነኝ!" ብለው ሳቁ። "ሰማዩ የባለቤቴ ነው።"

ሚስታቸው ናት ጥቁሩን ጨርቅ በመርፌ እየወጋች፣ ከኋላው ፋኖስ አብርታ፣ ከዋክብት ያወጣችለት። ካሜራ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። ሊያነሷት ሲሉ በሻሿ ፊቷን ትሸፍናለች።

"የሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ ጀርባዋ ነው ያለው" አሉኝ። "ፊቷ ያለበት አንድ ፎቶ የላትም። አንድም።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያን የዝምታውን ትዕይንት የቀረጽን ቀን ጠፋችብኝ። ኋላ ፊልሙ ሲታይ... ግራ ጥግ ላይ አንዷ ኮከብ ዓይኗን ታርገበግባለች። ክው አልኩ። ዞር ብዬ ሳያት አፏን ይዛ ትስቃለች። ጨርቁ ኋላ ገብታ በቀዳዳው ስታየኝ ኖሯል! ከዓይኗ በቀር ምንም አልሰጠችም ለካሜራ።"



"በዓመቱ ሞተች" አሉ። "ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አውጥቼ አያታለሁ። ትንሽ እናወራለን። አሁን ጥቅሉ ማሳያው ማሽን ላይ አልሄድ አለኝ፤ ዓይኔም እየደከመ ነው። አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልያት ብዬ ነው ያመጣሁልሽ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።"



"አለች አይደል?" አሉኝ።

ፕሮግራሙን ዘጋሁት።

"ልጄ?"

"አለች ጋሼ" አልኩ።

እጄን ስመው ሄዱ። እኔን! እጄን!

ወዲያው አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። "ዋናው ቅጂ አለ? ሳልነካው በፊት የነበረው?"

"ቦታ ጠቦኝ አጠፋሁት። ምነው?"

ጥቅሉስ? ጥቅሉ ማሽኑ ላይ ሲያልፍ ተፈርፍሮ ከቆሻሻ ጋር ወጥቷል። ሌላ ቦታ ያሉት ቅጂዎች ደግሞ የቅጂ ቅጂ ናቸው፤ ጠቁረው ትንንሾቹ ከዋክብት ጭራሽ አይታዩም። ነገሩን ለአለቃዬ ነገርኩት።

"አንዲት ኮከብ ናት እኮ" አለኝ።

"ሚስታቸው ናት!"

"ቀስ በይ... ሰው ይሰማል። ሽማግሌ ናቸው፤ የት ያያሉ? ዝም በይ።"

ዝም አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ መጋረጃው ነበር። በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ከውጭ የሚገባ የብርሃን ነጠብጣብ አየሁ፤ አሮጌ ስለሆነ ሳስቷል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ግን አንደኛዋ ነጠብጣብ... ጠፋች። በራች። ጠፋች።

ግራ ጥግ ላይ ያለችው።

መጋረጃውን ሰበሰብኩት። ውጭ ማንም የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ክፍሌ ፎቅ ላይ ነው፣ መቆሚያ የለውም። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት። እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ሌላ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ የሸሚዜን ቁልፍ ስተክል ቁልፉን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። አራት ቀዳዳዎች አሉት።

ሦስቱ ባዶ ነበሩ። አራተኛው ተርገበገበ።

ሸሚዙን ወረወርኩት። እናቴ ከጓዳ "ምነው ወጋሽ?" አለችኝ። "አዎ፣ ወጋኝ" አልኳት። ውሸት አንዴ ከጀመራችሁት እንደዚህ ይለምዳችኋል።

የጸዳው ፊልም አዳራሽ ውስጥ የሚታይበት ቀን ሲቃረብ ጭንቅ ያዘኝ። ልንገራቸው? ምን ብዬ? "ርቦኝ ሚስትዎን አጠፋኋት" ልበል?

አልነገርኳቸውም። የባሰውን አደረግኩ።

እሑድ ጠዋት ባዶ ቢሮ ገባሁ። ጥቁር ጨርቅ በገመድ አሰርኩ። በመርፌ ወጋሁት። መብራት አስተካክዬ፣ ካሜራውን ከፊት ተክዬ፣ ከጨርቁ ኋላ ገባሁ። ቀኝ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ።

በእሷ ቦታ የእኔን ዓይን ላስገባ ነው። ሽማግሌው ምኑን ይለዩታል ብዬ...

ከኋላዬ ግድግዳ ነው። በእኔና በግድግዳው መካከል ወንበር እንኳ አይገባም።

እና እዚያ፣ ጆሮዬ ሥር፣ አንድ ሰው ይተነፍሳል። ዝግ ብሎ።



"ጠጋ በይ..." አለኝ።

የሴት ድምፅ ነው። ቁጣ የለበትም። ሰልፍ ላይ ቦታ እንደሚለምን ሰው ነው ያለችው።

ዞርኩ። ግድግዳ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ክፍሉን ለቅቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲረጋጋልኝ ተመልሼ የቀረጽኩትን አየሁት።

ዓይኔ አለ። ቀጥ ብሎ ያያል። ይርገበገባል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይዞርና ከአጠገቡ ያለ ነገር ያያል።

እኔ ወደ ጎን አላየሁም። እምላለሁ፣ አላየሁም!

ይህን ሁሉ እያወቅኩ አስገባሁት። ከእሷ ቦታ፣ ግራ ጥግ ላይ። ሰው ካጠፋው ጥፋት ይልቅ ለመሸፈን ያደረገው ሲብስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

የእይታው ቀን ደረሰ። ትንሽ አዳራሽ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የተጠሩት ሰዎች ከኋላ ተበታትነው ተቀምጠዋል። ጋሽ ክዳን ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ የተተኮሰ ኮት ለብሰው መጡ።

"ሙሽራ መስለዋል ጋሼ" አልኳቸው። ከዚያ በላይ የምለው ጠፋኝ።

"ሚስቴ ጋ አይደል የምሄደው?" አሉኝና ፊተኛው ረድፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

ፊልሙ ተጀመረ። የድስት ክዳኖቹ ጨለማውን እየቀዘፉ መጡ። በርሜሉ ተነፈሰ። ስንቴ ያየሁት ፊልም ነው፤ ያን ቀንም ክዳን አልታየኝም። ከቤቱ የራቀ ሰው ነው የታየኝ።

ከዚያ ዝምታው መጣ።

ሽማግሌው አዛዥ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሰማዩ ተከፈተ። ከኋላችን ሲያስል የነበረው ሰው እንኳ ዝም አለ።

ጋሽ ክዳን እጄን ያዙ።

ግራ ጥግ ላይ ኮከቧ በራች... ጠፋች... በራች።

"መጣች" አሉ በሹክሹክታ።

ቀና ብለው ፈገግ አሉላት። የእኔን ዓይን እያዩ። "ደህና ነሽ?" አሏት። "እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል።"

በሞተች ሴት ቦታ ቆሜ የሰው ናፍቆት እየበላሁ ነበር። ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ይምጣ የመጣው፣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ... ያቺ እኮ..."

"እሽሽ..." አሉኝ። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ። ወደ ፊልሙ ማያ ጠጋ አሉ።

"ከጎኗ ያለችው ማን ናት?"

አየሁ።

ሁለት ናቸው።

አንዷ የእኔ ናት። ከአጠገቧ፣ እኔ ምንም ያላስቀመጥኩበት ቦታ ላይ፣ ሌላ አለች። የእኔዋ ትርገበገባለች። ሌላኛዋ አትርገበገብም። ወደ ጋሽ ክዳንም አታይም። እኔን ነው የምታየው፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን።

ከዚያ የእኔዋ ተከደነች። ድጋሚ አልተከፈተችም።

በዚያው ቅጽበት ቀኝ ዓይኔ ጨለመ።

ጨለመ ስል... ጥቁር ሆነና መሃሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ቀረች። በቀዳዳዋ ብርሃን ይገባል። ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ አተኮርኩ።

ወንበሮች። በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ወንበሮች። የሰው ፊቶች። ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ።

አዳራሹን ከማያው በኩል እያየሁት ነበር።

ፊተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ክዳን አሉ። አጠገባቸው፣ የእኔ ወንበር ላይ፣ እኔ የለሁም። አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እጇ በእጃቸው ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋለች። አንድም ፎቶ ያልያዘውን ፊት እኔ አየሁት። ወጣት ናት። ታምራለች።

ፊልሙ አለቀ። መብራት ሲበራ ግራ ዓይኔን ገለጥኩ። በግራ ዓይኔ ጋሽ ክዳን ብቻቸውን ተነሡ። አልተሰናበቱኝም፤ ከነመኖሬም ረስተውኛል። ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ ክንዳቸውን እጥፍ አድርገው ወደ በሩ ሄዱ።

በቀኝ ዓይኔ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ክንዳቸውን ይዛለች።

በሩ ጋ ሲደርሱ እሷ ዞረች። ወደ ማያው አየች። ወደ እኔ። እርግማን ጠበቅኩ፤ ቢያንስ ቁጣ ጠበቅኩ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ዝም በይ ነው።

ወጡ። በሩ ተዘጋ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ቀኝ ዓይኔን በመሣሪያ አገላብጦ አየና "ከግራው ይሻላል" አለኝ። ምን እንደሚታየኝ አልነገርኩትም። ቀንም ሌሊትም የሚታየኝ ያው አዳራሽ ነው፤ ባዶ ወንበሮች፣ የመውጫዋ ትንሽ መብራት፣ የተዘጋ በር።

ጋሽ ክዳን በሕይወት አሉ። ጎረቤታቸውን አግኝቼ ነበር፤ "ምን እንዳገኛቸው እንጃ፣ ብቻቸውን ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ምርኩዝም ትተዋል" አለችኝ። ፊልሙን ደግመው አልጠየቁም።

ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ መኖር ነበረብኝ። የተጠየቅኩት ይህን ብቻ ነበር... ዝምታ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደኝ። ያቺ "አለች ጋሼ" ያልኳት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

እና ይኸው፣ ለእናንተ ጻፍኩት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለእሳቸው ብዬ አይደለም። እንዲቀለኝ ብዬ ነው። ከእናንተ አንዱ ጋሽ ክዳንን ያውቃቸው ይሆናል፤ ፊልሙን ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። ግን ወሬ እግር አለው። አንድ ቀን ጆሯቸው ይደርሳል፤ ለማን ፈገግ እንዳሉ፣ የጉልበታቸውን ሕመም ለማን እንደነገሩ ያውቃሉ። ይህን አውቄ ነው የምጽፈው። ይቅርታ አድርጉልኝ ለማለት አፍ የለኝም።

አሁን ቀን ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ግራ ዓይኔ ይህን ጽሑፍ ያያል።

ከላይ "አልጠራውም" የሚለውን ስጽፍ... በቀኝ ዓይኔ የአዳራሹ በር ተከፈተ።

ገባች። ብቻዋን ናት።

አትቸኩልም። ወንበሮቹን ረድፍ በረድፍ እያለፈች ወደ እኔ ትመጣለች። "ጋሽ ክዳን ቢሮ መጡ" የሚለውን ስጽፍ መሃል ደርሳ ነበር። አሁን ፊተኛው ረድፍ ጋ ናት...

አሁን ፊቷ አይታየኝም። በጣም ቀርባለች። ቀዳዳዋን የሞላት አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ቁጣ የለበትም። እንባ ሞልቶታል።

እኔ እያለቀስኩ አይደለም። ቀኝ ጉንጬ ግን ርሷል።